በጠመኔ የተከበበችው ወንበር

እስቲ ወደ ምድጃው ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ጦርነቱ ባበቃ በስድስተኛው ክረምት፣ በቮልጋ ዳር ባለችው ከተማችን የሆነውን ላጫውታችሁ።

አንድ ጠዋት ሰዓሊው ኤራስት ሉኪች በሥራ ክፍላቸው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ባለች ታጣፊ አልጋ ላይ ሞተው ተገኙ። የፍም ጭስ ነው የገደላቸው። ፍሙ ሳይከስም የጭስ መውጫው ብረት ተዘግቷል። ሙቀት እንዳያመልጠው ብሎ ቸኩሎ የሚዘጋ ሞኝ እኛ ዘንድ በየክረምቱ አይጠፋም።

መርማሪዋ ሻምበል ዚናይዳ ስትደርስ ጥፋተኛ ተገኝቶ ጠበቃት። ኡልያ ትባላለች፤ የዘጠኝ ዓመት የሙት ልጅ ናት። ሰዓሊው በየሐሙሱ ከማሳደጊያው እያስመጡ፣ መስኮት ዳር አስቀምጠው ይሥሏት ነበር።

«ብርዳም ናት» አሉ የማሳደጊያው ኃላፊ ሮዛሊያ። «ትናንት አመሻሽ፣ እሳቸው አተኩሷቸው ሲጋደሙ፣ እኔ መጥቼ እስክወስዳት ብቻዋን ነበረች። ራሷም አምናለች። ነገ ወደ ጥፋተኛ ልጆች ቤት ትሄዳለች።»

«እኔ ሳልመጣ ሥራዬን ጨርሳችሁልኛላ!» አለችና ዚናይዳ ከልጅቷ ፊት በርከክ አለች። «ኡልዬ፣ ብረቱን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ሳብኩት፣ እትዬ።»

«እውነትሽን ነው?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «እሺ ስላቸው መጮህ ይተዋሉ።»

ቀጥላ ዚናይዳ የክፍሉን ጽዳትና ምድጃ የሚይዙትን ፌክላን ጠየቀች።

«አንድጄ፣ ብረቱን ክፍት ትቼ ወጣሁ» አሉ ፌክላ። «እኔ እንኳ በእግር ጣቴ ቆሜ ነው የምደርስበት! ደግሞ እሳቸው ሁሌም ቤታቸው ነው የሚያድሩት፤ እዚህ መተኛታቸውን ከእኛ በቀር ማን አወቀ?»

«ሥዕሉስ?»

«ተይኝ! የሰዓሊዎች ማኅበሩ ጉባኤ ‹የእኛ አገር ልጅ አታዝንም፣ አስቃት› ብሎ ሁለቴ መለሰባቸው። አሻፈረኝ አሉ፤ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያየው ነበር። ትናንት ስወጣም የሥዕሏ አፍ ግጥም እንዳለ ነው።»

የሰዓሊው ተማሪ ግሌብ ዓይኑ አብጦ፣ በጨርቅ ከተሸፈነው ሸራ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ሥዕሉን መቼ አየኸው?»

«ሳምንት አልፎኛል።»

«ዛሬ በጉባኤው ያልፍ ነበር?»

«ለምን አያልፍ? እንዲህ ፈገግ ያለች ልጅ ማን ይጥላታል?»

ዚናይዳ ሁሉንም ሰበሰበቻቸውና ጨርቁን ገለጠችው። ኡልያ ከሸራው ላይ ፈገግ ብላ አየቻቸው። ፌክላ አማተቡ።

«ከወንበሩ እንጀምር» አለች ዚናይዳ። «የምትሣለው ልጅ ቦታዋ እንዳይዛነፍ የወንበሩ እግሮች በጠመኔ ተከበዋል። መስመሩ ትንሽ እንኳ አልተፋቀም። ሌላ መወጣጫ ደግሞ በክፍሉ የለም፤ ልጅቷ ብረቱ ጋ አልደረሰችም። ‹ሳብኩት› ትላለች፤ ብረቱ ግን ተገፍቶ ነው የሚዘጋው። ብሩሾቹን እዩ፤ ሁሉም በሳሙና ታጥበው በጋዜጣ ተጠቅልለዋል። አንዱ ብቻ ቀይ እንደነካ ደርቋል። ሸራው ምድጃው ሥር ተጠግቷል።»

«ቀለሙ ይሰነጠቃል ብለው አያስጠጉትም ነበር!» አሉ ፌክላ።

«ከፈገግታው ቀለም ጋር ማድረቂያ ተቀላቅሏል። ክፍሉ እንደሞቀ ካደረ እስከ ጠዋት ላዩ ይደርቃል። ስለዚህ ብረቱ ተዘጋ። ግሌብ፣ ፈገግታው ትናንት ማታ ፌክላ ከወጡ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ሸራው ተሸፍኖ ሳለ ያወቅኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ግሌብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ቤታቸው የገቡ መስሎኝ! ከማኅበሩ እንዳያባርሯቸው ብዬ፣ ለእሳቸው ብዬ ነው!»

«መጋረጃውን ሳትገልጥ መውጣትህን ስህተት እንበለው። ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ስትወነጀል ሰምተህ ዝም ያልከውን ግን ምን እንበለው?»



ዚናይዳ ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ጨርቅ ነክራ የሥዕሉን አፍ ቀስ ብላ ጠረገች። ፈገግታው ተነሣ፤ ከሥሩ እርስ በርስ የተጣበቁ ትንንሽ ከንፈሮች ወጡ። ኡልያ ቀረብ ብላ ብዙ አየች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ማንም አልጮኸባትም። ጥፋተኛ ልጆች ቤት መሄዱ ቀረላት፤ ወደ ማሳደጊያዋ ተመለሰች። በየሐሙሱ ኮቷን ለብሳ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር አሉ፤ የሚጠራት ሰው ግን አልነበረም። እሷን ሰዓታት ሙሉ፣ ሳቂ ሳይሏት ያዩዋት ሰዓሊው ብቻ ነበሩ።

ሥዕሉ ዛሬም ከንፈሩ ዙሪያ የቀይ ርዝራዥ አለበት። እናንተም ልጆቼ፣ ዝም ያለ ሕፃን ስታገኙ፣ «ፈገግ በል» ከማለታችሁ በፊት፣ ኮቷን ለብሳ የምትጠብቀውን ኡልያን አስታውሱልኝ።