የግራ ዓይን ገንዘብ

ስልኩ ጢን ሲል እናቷ ከእንቅልፏ ነቅታ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ምን ይላል?»

ልጅቷ አንብባ ማመን አቃታት። ለእናቷ የግራ ዓይን ቀዶ ሕክምና የተጠራቀመው ገንዘብ ለማታውቀው ሰው ተልኳል። የቀረው ለታክሲ እንኳ አይበቃም።

«ማስታወቂያ ነው፣ እማዬ።»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኝ ዓይኗ ትናንት ተሠርቶ በፋሻ ታስሯል፤ ግራው ከድሮም ጥላ እንጂ ፊደል አይለይም። ስልኳ ላይ የሚገባውን ሁሉ የምታነብላት ልጅቷ ስለሆነች፣ «የቤታችን ዜና አንባቢ» እያለች ትቀልድባታለች።

ቅድም፣ እናቷ ተኝታ ሳለ የደወለው ሰውዬ ደግሞ ጨዋ ነበር። ከባንክ ነኝ አለ። የእናቷን ስም እስከ አያቷ ጠራ፤ ቀኝ ዓይኗ እንዴት እንዳደረ ጠየቀ፤ የሐኪሟን ስም እንኳ አልሳተም። ክሊኒኩ ያደረገላትን ቅናሽ ሂሳቧ ላይ ላስገባላት፣ አሁን በመልእክት የሚመጣልሽን ቁጥር ብቻ አንብቢልኝ አላት። ልጅቷም እናቷን ላለመቀስቀስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደለመደችው አጥርታ አነበበችለት። የእናትን ዓይን የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ደጅ ወጥታ ወደ ሰውዬው መልሳ ደወለች። ዝግ ነው። ስልኩን እናቷ አጠገብ አስቀምጣ፣ ዳቦ ልግዛ ብላ ወጣችና ወደ ባንክ በረረች።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። የክሊኒኩ ታካሚዎች መረጃ ሳይሰረቅ አልቀረም፣ ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ተታልለው የመጡ ብዙ ናቸው አለቻት።

«ግን ይመለሳል አይደል?»

«እኔ እንጃ፣ የኔ እህት። አቤቱታውንም የምንቀበለው ከሂሳቡ ባለቤት ከራሷ ነው። እናትሽን ይዘሻት ነይ።»

ቤት ስትደርስ ዳቦውን ረስታዋለች። እናቷ ባዶ እጇን አላየችም። ስልኩን ዘረጋችላት።

«ደግሞ ጢን ብሎ ነበር። ይሄም ማስታወቂያ ነው?»

ከክሊኒኩ ነው። መረጃችሁ ስለተሰረቀ ከማታውቁት ሰው ጥሪ ተጠንቀቁ ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልጅቷ ማልቀስ አማራት፤ ማንን መለመን እንዳለባት እንኳ አታውቅም።

አዎ ብትላት እናቷ ታምናታለች። ሌላ የምታምነው ዓይን የላትም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ ቅድም በትክክል አላነበብኩልሽም። አሁን ከመጀመሪያው ላንብብልሽ።»

መልእክቶቹን ወደ ላይ ገፋች። ለሰውዬው ካነበበችለት ቁጥር ጀመረች።