ስምንተኛው ቤት

ደባርቅ ሲዘንብ እንደ ሌላው አገር አይደለም፤ አንዷ ጠብታ በሬ ታስደነግጣለች። የዚያን ዕለቱን ዝናብ ደግሞ ኖኅ ቢያየው መርከቡን ኮሶዬ ተራራ ላይ አቁሞ ባሳለፈው። ሕሊና የማኅበራችን ቢሮ መሐል ቆማ ጃንጥላ ዘርግታለች። ለራሷ አይደለም፤ ለኮምፒውተሩ።

ያንን ኮምፒውተር ያስገዛሁት እኔ፣ ምስክር የምባለው ነኝ። ማኅበራችን ለአቅመ ደካሞች በትንሽ ኪራይ የሚያከራያቸው ቤቶች አሉት፤ ሠራተኞቹም እዚያው ይኖራሉ። የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስለሆንኩ ለቆርቆሮ የተያዘውን በጀት ወደ ኮምፒውተርና ከባሕር ማዶ ወደመጣ የተከራይ መመዝገቢያ ሲስተም አዞርኩት። እንዲህ ያለ ሲስተም በሰሜን ተራሮች ዙሪያ ቀርቶ በአፍሪካ ምድር ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ሕሊናን ከዳባት ያስመጣናት ለእሱ ነው፤ ጎንደር ኮምፒውተር የተማረች፣ ፈገግ ስትል የሊማሊሞ ጭጋግ የሚገለጥላት ልጅ።

አገኘሁ የማኅበሩ አናጢ ነው። በቆርቆሮው በጀት ምክንያት ካኮረፈኝ ሰንብቷል። ያን ዕለት በሩን ከፍቶ ሲገባ ልጅቷ ከራሷ እስከ እግሯ በስብሳለች፤ ኮምፒውተሩ ደረቅ ነው።

«እህቴ፣ ጃንጥላውን ወደ ራስሽ ብታደርጊው አይሻልም?» አላት።

«እኔ ብበሰብስ እደርቃለሁ። እሱ ከበሰበሰ ጋሼ ምስክር ያለቅሳሉ።»

አገኘሁ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ዝም አለ፤ እሷም ዝም አለች። በዚያ ሁሉ የቆርቆሮ ጩኸት መሐል ዝምታቸው እኔ በሩ ላይ ለቆምኩት ተሰማኝ። መሰላሉን አንሥቶ በዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ የቢሮው ጣራ በየሳምንቱ አዲስ ቀዳዳ ያወጣ ጀመር፤ በበጋም ጭምር። አገኘሁ መዶሻውን ይዞ ይመጣል፤ ሚስማር መምታቱን ትቶ ከሕሊና ጋር ይከራከራል። የደሃ ጣራ የበላ ማሽን ነው ይላታል። እሷ ደግሞ የትኛው ቤት እንደሚያፈስ ንገረኝና ልመዝግበው ትለዋለች። እየነገራት፣ እየመዘገበች፣ የሚያፈሰው ቤት ሲያልቅባቸው ስለ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ።

ሽማግሌ ሆኜ ዳባት የሄድኩት እኔው ነኝ። እኔ ለምኜ ያልተሰጠች ልጅ በሁለቱ ወረዳ የለችም። አባቷ፣ ቄስም የሆኑት መሪጌታ ገብረ ሚካኤል፣ ነገሬን ሰምተው ፊታቸው ፈታ ብሎ መልስ ሊሰጡ ሲሉ ስልካቸው ጮኸ። ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። ፊታቸው ጠቆረ። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።

«ልጅዎ ሕሊና ይግዛው ከወንድሟ ከአገኘሁ ይግዛው ጋር በአንድ ቤተሰብ ተመዝግባለች» ይላል። ከታች የማኅበራችን ስም አለ።

ለካ ያን ዕለት ሲስተሙ መዝገቡን በራሱ አድሶ ለየቤተሰቡ መልእክት የሚልክበት ቀን ኖሯል። የተሠራበት አገር ሰው የመጨረሻ ስሙ የቤተሰቡ ስም ነው፤ የእኛ ግን የአያታችን ነው። የሁለቱም አያት ይግዛው ስለሚባሉ እህትና ወንድም አደረጋቸው። ይህን ሳስረዳ አብረውኝ የሄዱት ሽማግሌዎች ሁሉ ሳቁ፤ መሪጌታም ሳቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«የልጁ አያት ይግዛው የየት አገር ሰው ነበሩ?»

«የኮሶዬ።»

«የእኔም አባት የኮሶዬ ናቸው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ሰባት ቤት ያላለፈ ዘመድ አይጋባም። ዘር ሳይቆጠር እሺም እምቢም እንደማይሉ ነገሩን፤ ቆጠራው ለእሑድ ተቀጠረ።

ደባርቅ ተመልሼ ስነግራቸው ሕሊና ኮምፒውተሩን አጠፋችው። እኔ ወጣሁ፤ ግን ጆሮዬ ግድግዳ አይከለክለውም።

«በመጀመሪያው ቀን እህቴ ያልከኝ አንተ ነህ» አለችው። «ኮምፒውተሩ ሰምቶህ ነው።»

አገኘሁ አልሳቀም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ሰባት ቤት ባይሞላስ?»

«የቀሩትን ጣራዎች ጠግኜ ከደባርቅ እወጣለሁ። በአንድ ከተማ ወንድምሽ ሆኜ መኖር አልችልበትም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ግቢ ተሰበሰብን። በአገኘሁ በኩል አክስቱ እማማ የሺወርቅ ከኮሶዬ መጡ። አባት አንድ ቤት፣ አያት ሁለት ቤት እያሉ ተራ በተራ ወደ ላይ ይወጡ ጀመር። ሁለት ይግዛው መሆናቸው ሦስተኛው ቤት ላይ ታወቀ፤ አባቶቻቸው ለየቅል ናቸው። አራተኛው ተለያየ። አምስተኛው ላይ የሰዎቹ ስም ቢለያይም የኖሩበት ደብር አንድ ሆነ፤ ሕሊና የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። ስድስተኛው አለፈ። ሰባተኛውን እማማ የሺወርቅ ሲጠሩ አገኘሁ መሬት መሬት ያያል። መሪጌታ የራሳቸውን ጠሩ። ሌላ ሰው ነው።

ሁላችንም ተነፈስን። የእኔ ትንፋሽ ግቢው ውስጥ ያለውን ባሕር ዛፍ አወዛወዘው። እማማ የሺወርቅ ግን አንዴ ጀምረዋልና አላቆሙም።

«ስምንተኛው ሰይፈ ሥላሴ» አሉ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «የእኛም ስምንተኛ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው።»

 ሕሊና አገኘሁን አየችው፤ አገኘሁ መሪጌታን። ሰውዬው ቀስ ብለው መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ሰባቱ አልፏል» አሉ። «ዘመድነታችሁ ለመጋባት አይከለክልም፤ ለመጣላት ግን ይከለክላል። ኑ ተሳለሙ።»

እዚያው ተነሥቼ ኮምፒውተሬ እንዳልዋሸ ለሕዝቡ አስረዳሁ፤ ስምንተኛው ቤት ድረስ አርቆ አይቶ ነው እንጂ።

ሕሊና ግን ከሠርጉ በፊት ኮሚቴውን ሰበሰበችን። «ለባሕር ማዶው ሲስተም በየዓመቱ የምንከፍለው ይቁም፤ የአያትን ስም ከቤተሰብ ስም ለይቶ የሚያውቅ መዝገብ እኔ እሠራለሁ፤ ገንዘቡ ቆርቆሮ ይግዛ» አለች። እኔም ልናገረው አፌ ላይ ደርሶ የነበረ ሐሳብ ነውና ደገፍኩ።  አገኘሁ እንደዚያ የጃንጥላ ቀን አያት።

በጥር ተጋቡ። ከባዶዎቹ ቤቶች ምረጡ ስንላቸው ሁለቱ በአንድ አፍ ስምንት ቁጥርን አሉ። ክረምት ሲገባ አገኘሁ ጎረቤት ጣራ ላይ ሆኖ ሚስማር ሲመታ ይውላል። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሕሊና ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠራዋለች።

«ወንድሜ፣ የእኛም ያፈሳል።»

መዶሻውን እዚያው ጥሎ እየሮጠ ይወርዳል። ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ያ ጣራ አንዲት ጠብታ አያስገባም።