ስድስተኛው ቦታ

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ።

ኤኖን ያገኘሁት ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የተማሪዎች ምክር ቤት ውስጥ የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ተወካይ ነው፤ ካፍቴሪያው በር ላይ በራሪ ወረቀት ያድላል። እኔ ጋ ሲደርስ እያየኝ ቀረ። ወረቀቱን መስጠት ረሳ። ዓይኑ ደግሞ... በቃ ተዉት።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ቅቤ የተቀባ ብሬትስል ዳቦ ይዞ ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ይጠብቀኝ ጀመር። እኔም ፓርቲው ውስጥ ልግባ ብዬ የአባልነት ቅጹን ሞላሁ። «ቢሮ አደርስልሻለሁ» ብሎ ወሰደው።

ነገሩን ያበላሸችው አብራኝ የምትኖረው ሜርለ ናት።

«ፌንያ፣ የዋህ ነሽ። ሰውዬሽ ለከተማው ምክር ቤት ሊወዳደር ነው። የፓርቲው እጩዎች ዝርዝር ላይ ማን እንደሚገባ የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። ሰሞኑን አዲስ አባል የሚያሳድደው ለምን ይመስልሻል?»

«ይወደኛል እኮ።»

«ድምፅሽን ነዋ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬትስሉ አልዋጥ አለኝ። ሲስቅ እጠረጥራለሁ። እጄን ሲይዘኝ፣ የስንቷን ይዞ ይሆን እላለሁ። አንድ ቀን ስልኩ ላይ «አዲስ አባላት» የሚል ዝርዝር ሰርቄ አየሁ። አሥራ አንድ ስም። የኔ የለም። ይሄ ደግሞ ምንድነው?

እጩዎቹ የሚመረጡበት ስብሰባ ቀን ደረሰ። እኛ ፓርቲ ዝርዝሩ ላይ አንደኛ፣ ሦስተኛ እያለ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ቦታ ለሴቶች የተያዘ ስለሆነ ኤኖ ለስድስተኛው ቦታ ቀረበ። ከተማው ምክር ቤት ውስጥ ከስድስት ወንበር በላይ እንደማናገኝ ሁሉም ያውቃል። ወስኛለሁ፦ ተቀናቃኙን እመርጥና እነግረዋለሁ። ፊቱን ካጠቆረብኝ ሜርለ ልክ ናት።

በሩ ላይ የምርጫ ወረቀት የምታድለው ሴትዮ የአባላቱ መዝገብ ላይ ስሜን ፈለገች፣ ፈለገች።

«የለሽም የኔ ልጅ።»

ዞሬ ኤኖን አየሁት። አንገቱን ደፋ።

ኋላ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ። ውጤቱ ተነበበ። ኤኖ በአንድ ድምፅ ተሸነፈ።

ውጭ ብስክሌቱ ጋ አፋጠጥኩት። «ቅጼን የት አደረግከው?»

ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አወጣው። ከመታጠፉ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል።

«ሦስቴ ቢሮው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ» አለ። «ብትመርጪኝ፣ ለምን እንደፈለግኩሽ ዕድሜሽን ሙሉ ትጠራጠሪ ነበር።»

«በአንድ ድምፅ እኮ ነው የተሸነፍከው፣ አንተ ጅል።»

«አውቃለሁ።»

«አንተን እንደምመርጥስ በምን አወቅክ?»

ራሱን አከከ። ለካ ይሄን አላሰበውም። ሳቅኩ፣ ሳቀ፣ ከዚያ... ሳመኝ።

ዛሬ ቅጹን ራሴ ወስጄ አስገባሁ። ኤኖ በሚቀጥለው ምርጫ ማንን እንደምመርጥ ጠየቀኝ።

«ምስጢር ነው» አልኩት።

አሁን መጠርጠር የሱ ተራ ነው።