በጽሞና ላይ ነን

ጋሼ የሞቱት ለጽሞና በተሠራው ክፍል ውስጥ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ በሩ ሥር በግንባራቸው እንደተደፉ ነበሩ። ካፖርታቸው ከላያቸው ተደርቧል፤ የአስም መድኃኒታቸው ጫፍ ከካፖርቱ ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል። በሩ ላይ «በጽሞና ላይ ነን፤ እባክዎ አይግቡ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል።

ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እጆቿን የምታደርግበት አጥታለች። አሥራ አንድ ዓመት ሆስፒታል ሠርታ፣ የሰውን ሥጋ ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ልርዳ ብላ ነው ወደዚህ የማስተርስ ትምህርት የገባችው። ትምህርት ቤቱ የምክር ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው ሥነ ልቦናን ከጸሎትና ከጽሞና ጋር አዋድዶ ነው። መሥራቹ ጋሼ፣ «የሰው ጭንቀት ልትሰሙ ከመቀመጣችሁ በፊት ፈጣሪያችሁ ፊት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» እያሉ፣ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት እዚህ ክፍል ይቀመጡ ነበር።

መርማሪዋን፣ ነገር አጣርታ ስለምትለይ፣ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔና ዝምታው» አለች ነርሷ። ዝምታው የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ገዳም ኖሮ የወጣ፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ። «ሁለት ሰዓት ሞልቶ ሳይወጡ ሲቀሩ በሩን ገፋን። ከበደን።»

«እናንተ ስንት ሰዓት መጣችሁ?»

«ያኔውኑ... ሁለት ሰዓት ላይ።»

ፊቷ ጋለ። ውሸቷን ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከዝምታው ጋር ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ነበር።

መርማሪዋ አላፋጠጠቻትም። ተንበርክካ የምንጣፉን ጥግ ዳሰሰችና ጣቷን አሸተተች። «በረኪና። ዛሬ ጽዳት ነበር እንዴ?»

«ኧረ የለም! ሠራተኛዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የምትመጣው።»

ቀኑ ሐሙስ ነበር።

መርማሪዋና ነርሷ የትምህርት ቤቱን ምክትል ኃላፊ ቢሮዋ ውስጥ ዓይኗ ቀልቶ አገኟት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ የጠዋቱ ብርድ አልፎ ሞቆ ሳለ ወፍራም ሹራብ ወገቧ ላይ አስራለች።

«ካፖርቱን የደረብኩላቸው እኔ ነኝ» አለች። «ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ካፖርቱን እዚያው ክፍል ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። አባቴ ማለት ናቸው፤ እንደዚያ ሆነው ማየት አልቻልኩም።»

«ጠዋት አብረዋቸው ነበሩ?»

«እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ሁልጊዜም ግማሹን አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ስወጣ ደኅና ነበሩ።»

ከዚያ ወደ ጋሼ ቢሮ ገቡ። ጠረጴዛቸው ላይ ሊታተም የተዘጋጀ የምክትሏ መጽሐፍ ረቂቅ ተቀምጧል፤ ብዙ ቦታ በቀይ ተሰምሯል። መርማሪዋ አንዱን ገጽ ለነርሷ አቀበለቻት።

«መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ አንብቢልኝ ልጄ።»

ነርሷ ጀመረች። «እናቴ የሞተች ዕለት ደጋግማ ደውላልኝ ነበር። ተረኛ ነኝ ብዬ አላነሳሁም። ተረኛ አልነበርኩም፤ ሰልችታኝ ነበር...»

ንባቧን አቆመች። ይህን የጻፈችው የጽሞና ማስታወሻዋ ላይ ነው። ተማሪዎቹ የሚጽፉትን ማስታወሻ ከጋሼ በቀር ማንም እንደማያነበው ቃል ተገብቶላቸዋል። መሬት ብትከፈት በገባች።

«ያንቺ ነው አይደል? ማስታወሻዎቹ የሚቆለፉበት ሣጥን ቁልፍ ማን ማን ዘንድ አለ?»

«ጋሼና... ምክትሏ።» ነርሷ የደበቀችውን ሁሉ ልትዘከዝክ አፏን ስትከፍት መርማሪዋ እጇን አነሳች።

«ቆይ። ሁሉም ባሉበት ትነግሪናለሽ።»

ከቀትር በፊት ተማሪዎቹ በሚለማመዱበት አዳራሽ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ምክትሏ፣ ዝምታው፣ ነርሷና ከቤት የተጠሩት የጋሼ ባለቤት።

«እትዬ፣ መድኃኒታቸውን የት ነበር የሚያደርጉት?»

«ከእጁ አይለይም» አሉ ባለቤታቸው። «ሲቀመጥ ጉልበቱ ሥር ነው የሚያደርገው።»

«ዛሬ ግን ካፖርት ኪስ ውስጥ ተገኘ። ወደዚያ ክፍል ጫማና ካፖርት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ መስቀያው ኮሪደር ላይ ነው። ስለዚህ ካፖርቱ የገባው ከሞቱ በኋላ ነው። መድኃኒቱም አጠገባቸው የነበረ እንዲመስል በኪሱ ሆኖ አብሮት ገባ።»

«በዚያ ድንጋጤ ከየት እንዳነሳሁት በምን አውቃለሁ!» አለች ምክትሏ።

«ይሁን። በረኪናውስ? የአስም በሽተኛ አጠገብ አንድ ሰው ሆን ብሎ አፍስሶታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ ከጉልበታቸው ሥር መድኃኒቱን ማንሳት የሚችለው ደግሞ አብሯቸው የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እስቲ ሹራቡን ይፍቱት።»

ምክትሏ አልተንቀሳቀሰችም። መርማሪዋ ራሷ ፈታችው። ከሥሩ የጥቁሩ ቀሚስ ጎን መዳፍ በሚያህል ቦታ ቀለሙ ለቆ፣ ወደ ቀይ ቡኒ ተለውጧል።

«ጋሼ ግን ወዲያው አልሞቱም። የጣታቸው አንጓ ተልጧል፤ ወድቀው እጀታውን ሊደርሱበት ስላልቻሉ በሩን አንኳኩተዋል። ማን ሰማ?»

ዝምታው አቀረቀረ። ነርሷ ተነሳች።

«እኔ ሰማሁ። ሁለታችንም ሰማን። ልነሳ ስል ምክትሏ ከቢሮዋ ብቅ ብላ፣ ‹ተዉአቸው፣ ሲጸልዩ እንዲህ ያደርጋሉ› አለችን። ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁና... ሥርዓት የማታውቅ እንዳልባል ፈራሁ።»

«እኔም» አለ ዝምታው።

«ምክንያቱ ረቂቁ ላይ ነው» አለች መርማሪዋ። «የተማሪዎቹን ምስጢር ዘርፈው መጽሐፍ አደረጉት። ጋሼ ደረሱበት።»

ምክትሏ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ዛሬ በተማሪዎቹ ስብሰባ መሐል ቆመሽ ራስሽ ንገሪያቸው አሉኝ። እንዴት ብዬ? ያስተማርኳቸው ልጆች ፊት! ትንሽ ቢያማቸውና ስብሰባው ቢቀር ብዬ ነው።»

«ሲያንኳኩስ?»

ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ይዘዋት ወጡ።

ነርሷ ወደ ባለቤታቸው ቀረበች። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፈርኩ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔም ይቅር አልኩሽ ብል ውሸቴን ነው» አሉ። «ግን ቤቱ ባዶ ነው፤ ብቻዬን መግባት አልችልም። ነይ አድርሺኝ። ስለ እሱ ላውራሽ።»

ነርሷ ሄደች። ሴትዮዋ እስከ አሥር ሰዓት ሲያወሩ፣ ሁለት ዓመት ካጠናቻቸው የማጽናኛ ቃላት አንዱም ከአፏ አልወጣም። ዓይናቸውን እያየች ብቻ አዳመጠች። ልትወጣ ስትነሳ ባለቤታቸው እስከ ደጃፍ ሸኟት።

«ነገም ነይ» አሉ።

ይቅር አልኩሽ ግን አላሉም፤ እሷም አልጠየቀችም።