የተሸፈነው ቁጥር

ሟቹ በተደራራቢው አልጋ ታችኛው ክፍል ላይ፣ የሥራ ካልሲውን እንዳጠለቀ ተጋድሟል። ጠቋሚ ጣቱን ቆንጥጣ የያዘችው ትንሿ የኦክስጅን መለኪያ አልወለቀችም፤ የቁጥር ማሳያ መስኮቷ ላይኛው ግማሽ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል። ቤቱ የሥጋ ፋብሪካው ስደተኛ ሠራተኞች የታጨቁበት፣ ላብና በረኪና የሚሸት መኝታ ክፍል ነው። በሩ ላይ ስለ ወረርሽኙ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ከነዋሪዎቹ አንድም የሚያነበው የለም፤ የተጻፈው በአገሬው ቋንቋ ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ሁሉን አየችና አንገሸገሻት።

የተላከችው የሠራተኞቹን ቋንቋ ስለምታውቅ ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም «በሽተኛ ደብቆ ለሞት ዳረገ» ተብሎ ተይዟል፤ ክሱ ከጸና ወህኒ መውረዱ ነው።

«ለምን ሐኪም አልጠራህም?» አለችው።

«ደህና ነበራ። አለቃችን መለኪያዋን ሲሰጠን ቁጥሩ ከዘጠና ካለፈ አትስጉ ብሎናል። ማታማ መቶ አሥራ ስምንት ደረሰለት።»

መርፌ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መቶ ስንት?»

«መቶ አሥራ ስምንት።»

የፈረቃ አለቃው የአገራቸው ልጅ ነው፤ የሚያስተረጉምላቸውም እሱ ነው። አፉ ማር ነው።

«እኅቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሳስረዳ ምላሴ ደረቀ። የማይገባው ሰው አይገባውም። ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ መስታወቱ ተሰንጥቆ።»

የቤቱ ምግብ አብሳይ ግን ድስቷን እየፈተገች ሌላ ነገር አወጣች። «ባለፈው ወር አለቃውን ራሱን ሲያመው ይቺኑ ጣቱ ላይ ሰክቶ ‹ሰማንያ ሰባት ገባ፣ አምቡላንስ ጥሩልኝ› እያለ ቤቱን ቀውጢ አድርጎት ነበር። ያኔ ፕላስተር የሚባል አልነበረባትም።»

መርፌ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበችና በፊታቸው ፕላስተሩን ላጠችው። መስታወቱ ጭረት እንኳ የለበትም።

«የላይኛው ቁጥር በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው፤ ከመቶ አያልፍም። የታችኛው የልብ ምት ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ልብ ይሮጣል። እናንተ ያያችሁት የታችኛውን ብቻ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ሰውዬው እየሞተ ነበር።»

«ተሳስቼ ነው» አለ አለቃው። «እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?»

«ለራስህ አልተሳሳትክም። በላይኛው ቁጥር አምቡላንስ አስጠርተህ ድነሃል። ከዚያ እነሱ እንዳያዩት ሸፈንከው። ያኔ ቤቱ በሙሉ በወረርሽኙ ታግዶ ፈረቃህ ቆሟል፤ ሌላ ሠራተኛ ሆስፒታል ከገባ ደግሞ ይቆማል።»

እጁን ያዘችና መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሰካችው። ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

«ላይኛው ዘጠና ሰባት። ታችኛው መቶ ሠላሳ። በአንተ ትርጉም ከሁላችን ጤነኛው አንተ ነህ።»

አለቃውን ፖሊሶች ሲወስዱት መርፌ እሱን የነካችበትን እጇን በመሐረብ ጠረገች፤ ደግማም ጠረገች።

የወንድምዬው ካቴና ተፈታ። እሱ ግን ዓይኑን ከመለኪያዋ አልነቀለም።

«ያኔ መቶ አሥራ ስምንት ሲል» አለ፣ «ጎሽ ወንድምጋሼ ብዬ አጨበጨብኩለት። እሱም ደስ ብሎት ተኛ።»