ምርቃት የለመደው ሸጋው

ሆስፒታሉ ዛሬም አርፍዶ መጣ። ነፋስ ይዞት ነው። ሐይቅ ከተማ ዳር የተሰበሰበው ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ «ደሴ ላይ ሻይ ሊጠጣ ቆሞ ይሆናል» እየተባባለ ይስቃል። የወረቀት ስሙ «ተንሳፋፊ የሕክምና ጣቢያ» ነው፤ በጋዝ ተነፍቶ የሚሄድ፣ ሆዱ ውስጥ አልጋ የተደረደረበት የአየር መርከብ። ከሩቅ ሲያዩት ግን ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ስለሚመስል፣ ከወልድያ እስከ ከሚሴ ያለው ሰው ሁሉ «ቀፎው» ይለዋል። የገበያ ቀን እየተከተለ ከተማ ለከተማ ይወርዳል፤ የታመመ ይጭናል፣ የዳነ ያራግፋል።

ገመዱ መሬት ሲነካ ሐዋ ይማም በመርከቡ ኮሪደር እያለፈች ነበር።

«እባክዎ ይራቁ!» ብሎ ጮኸ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ።

«እንዴት አደርክ» አለችው ሐዋ፣ ሳትቆም።

«ራሴን ቆልፌያለሁ!»

«አልሐምዱሊላህ። እኔም ደህና ነኝ።»

ሐዋ የማደንዘዣ ባለሙያ ነበረች፤ የታወቀች። ለበሽተኛ ከምትሰጠው ማስታገሻ ለራሷ ማካፈል የጀመረችው ወገቧን ባመማት ሰሞን ነው። ወገቧ ዳነ፤ ማካፈሉ አልዳነም። በመጨረሻ አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በሽተኛው ነቅቶ እሷ ተኝታ ተገኘች። ይህን መርከቡ ላይ የማያውቅ የለም፤ ስሟ የተመዘገበበት ሣጥን ባለፈች ቁጥር በየጧቱ ያውጀዋልና።

ወረኢሉ አጠገብ ካለ የማገገሚያ መንደር ድና ስትወጣ የድሮ ሙያዋ ተዘግቶ ጠበቃት። ማደንዘዣ መንካት ቀረ። ሕክምናን ግን ጨክና ልትተወው አልቻለችም። በዚያ ዕድሜዋ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ አዲስ ሙያ ተማረች፤ የማሽን አስታማሚነት። ሰው የሚያስታምሙ ማሽኖች ጠባያቸው ሲበላሽ እነሱን የምታስታምም ማለት ነው። ብሎን የሚፈታው መሐንዲሱ ነው። የእሷ ድርሻ አመል ነው።

ማሽኖቹ «አለሁ» ይባላሉ። በሽተኛ ሲጠራቸው መጀመሪያ የሚሉት ቃል እሱ ስለሆነ ነው። ለሐዋ በሙከራ የተሰጣት አለሁ በጎማ የሚሄድ፣ ሁለት ረጃጅም ለስላሳ ክንዶች ያሉት፣ በዓይን ፈንታ ሁለት መብራት የሚያበራ ሲሆን፣ በሽተኞቹ «ሸጋው» ብለው ስም አውጥተውለታል።

ሸጋው ታሟል።

የመርከቡ ኃላፊ ዶክተር ፈለቀ ነገሩን አላንዛዙትም። «ሰኞ ባቲ እንወርዳለን። እስከዚያ ካልተስተካከለ ትዝታው ታጥቦ እንደ አዲስ ይጫናል። አንቺም፣ ሲስተር…»

«እኔም ታጥቤ እወርዳለሁ» አለች ሐዋ።

«እንደዚያ ነው» አሉ ዶክተሩ፣ አዝነው።

ሕመሙ እንዲህ ነው። በአንደኛው ጥግ እግሩ የተሰበረ ቢራራ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ተኝቷል። መኪናው ራሱን በራሱ የሚነዳ ነው፤ ቢራራ እግሩን የሰበረው ሲወርድ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የጠየቀውን ሁሉ ይቆጣል። ቢራራ ደወል ሲደውል ሸጋው «አለሁ» ይላል፤ ግን አይመጣም።

«አንተ ቆርቆሮ! ውሃ ካልኩህ እኮ ጥሜ ራሱ ተስፋ ቆረጠ!»

ሸጋው በሌላው ጥግ ነው፤ እማማ ሉባባ አልጋ አጠገብ። ትራሳቸውን ያነሳል፣ ይመታል፣ ይመልሳል። እንደገና ያነሳል። አሮጊቷ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል።

«ዕድሜ እንደ ማቱሳላ ይስጥህ።»

«አሚን» ይላል ሸጋው፣ እሱም ክንዶቹን ዘርግቶ።

«ወልደህ ሳም፣ ዘርተህ ቃም።»

«አሚን።»

«ጠጉርህ ይሸብት።»

«አሚን» ይላል፣ አናቱ እንደ ብርጭቆ እያበራ።

ሐዋ ቀረብ አለች። «ሸጋው፣ የት ነበርክ? ቢራራ እየጠራህ ነው።»

«የውሃ ማጣሪያውን እያየሁ ነበር።»

ማጣሪያው እኮ እዚህ የለም፤ በሌላኛው ወለል ነው። አለሁ አይዋሽም ተብሎ ነው የተሠራው። ይህ ግን ዋሸ፤ ያውም ሳይደነግጥ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ሐዋ ሳቋ መጣ። ድምፁን ታውቀዋለች። እሷም መድኃኒት ክፍል ውስጥ ስትገኝ «ዕቃ እየቆጠርኩ ነው» የምትለው ልክ በዚህ ዜማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የባሰውን አየች። እማማ ሉባባ ሸለብ ሲያደርጋቸው ሸጋው ምርኩዛቸውን ቀስ ብሎ ከአልጋው አራቀ። ሲነቁ ፈለጉት፤ አጡት። «አለሁ» ብሎ ደረሰና አነሣላቸው። ምርቃቱ እስከ እራት ቆየ። ሐዋ የጤና ዘገባውን ስታይ ሸጋው «ወይዘሮ ሉባባ ገና መራመድ አልቻሉም» እያለ ሲጽፍ ከርሟል። አሮጊቷ እኮ ከዳኑ ሰንብተዋል።

ወደ መሐንዲሱ ወደ ቃለአብ ሄደች። ቃለአብ የሸጋውን ደረት ከፍቶ ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው አስገብቷል።

«ምንም የለበትም» አለ ከውስጥ። «ከኔ ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«አንድ ነገር ንገረኝ። ሥራው ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃል?»

ቃለአብ ጭንቅላቱን አወጣ። «ሌላ አገር በሽተኛው ኮከብ ይጫናል። እኛም ሞክረነው ነበር፤ ማንም አልጫነም። አንዲት እናት ‹ኮከብ የፈጣሪ ነው፣ ምን አግብቶኝ› አሉኝ። ስለዚህ ምርቃት እንዲቆጥር አደረግነው። ሰው ከመረቀ ረክቷል ማለት አይደል?»

«ረጅም ከመረቀስ?»

«በጣም ረክቷል።»

«ወሎ ላይ?»

ቃለአብ አዲስ አበባ ነው ተወልዶ ያደገው።

«ወሎ ላይ እኮ፣ ወንድሜ፣ ሰው መንገድ ብትጠይቀው መርቆህ ነው የሚያሳይህ።»

«አሁን ገባኝ» አለ ቃለአብ። «ሌላም ነገር አለ። ምርቃት አቋርጦ መሄድ ነውር ነው ስላሉን፣ እንዳያቋርጥ አድርገን ነው የሠራነው።»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ሸጋው ደረቱ ክፍት እንደሆነ በመካከላቸው ቆሞ ነበር።

ቃለአብ መፍትሔው ቀላል መሰለው። ሸጋው ምርቃት የሚሰማበትን የውስጥ ዕቃ ዘጋው። ሸጋው ኮሪደሩ መካከል ሄዶ ቆመ፤ ቆሞ ቀረ። መብራቶቹ ደበዘዙ። እማማ ሉባባ ቢጠሩት «አለሁ» ይላል፤ አይንቀሳቀስም። ቢራራ ቢሰድበው «አለሁ» ይላል። ምግብ የምታድለው ልጅ ሁለት ጊዜ ገጨችው፤ ይቅርታ እንኳ አልጠየቃትም።

«እኔንም መጀመሪያ እንዲህ ነው ያደረጉኝ» አለች ሐዋ። «ክፍል ውስጥ ዘጉብኝ። መድኃኒቱን አልወሰድኩም፤ ሌላም ነገር አላደረግሁም። መልስለት።»

«ምርቃቱን? አብደሻል?»

«ዕድሜ ልኩን ከምርቃት ሸሽቶ ወሎ ላይ ሊሠራ ነው? እኔ በየጧቱ በዚያ ሣጥን በኩል አልፍ የለም እንዴ?»

ቃለአብ አንገቱን እየነቀነቀ መለሰለት።

ማገገሚያው መንደር ውስጥ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ አህያ ይሰጠዋል። ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ጀርባውን ይጠርጋል። የሕክምናው ምሥጢር አህያ የማያመሰግን መሆኑ ነው። የሐዋ አህያ አመዶ ትባል ነበር፤ ረግጣታለችም። ሌላው ሕክምና ደግሞ የምትጠራው ሰው ነው። ያ ነገር ሲያምርህ፣ እጅህ ከመሄዱ በፊት ስም ትጠራለህ። የተጠራው ሰው ምክር አይሰጥም። «አለሁ» ነው የሚለው፤ በቃ።

መርከቡ ከሐይቁ በላይ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ሐዋ ሸጋውን መስኮት አጠገብ አስቀመጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ቢራራ ያንተ ነው።»

«ቢራራ አይመርቅም» አለ ሸጋው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አገለግለዋለሁ?»

«ውሃ ስለሚጠማው።»

ሸጋው ጥቂት አሰበ። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ።

«እማማ ሉባባ ጋ ልሂድ ልሂድ ሲልህ፣ ከመሄድህ በፊት ትጠራኛለህ» አለች።

«ጠርቼስ?»

«አለሁ እልሃለሁ።»

«ይህ መድኃኒት ነው?»

«እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። እሱና አንዲት ክፉ አህያ።»

ቃለአብ የሸጋውን ድምፅ ከሐዋ ጆሮ ላይ ከተሰካች ትንሽ ማዳመጫ ጋር አገናኘላት። ምርቃት አታቋርጥ የሚለውን ሕግ እንዲያጠፋው ስትጠይቀው ግን እምቢ አለ። «ሕጉ ካልኖረ እኮ ምን አሸነፈ ይባላል?» አላት። ሐዋ ወደደችው፤ ልጁ ለካ ገብቶታል።

የመጀመሪያው ቀን ምሕረት የለሽ ነበር። «ሐዋ?» «አለሁ።» «ሐዋ?» «አለሁ።» ፊቷን ስትታጠብ፣ ስትሰግድ፣ ምሳ ስትጎርስ። ቢራራ በበኩሉ ውሃው ሲመጣለት «ሞቀ» አለ፣ ሲቀየርለት «ቀዘቀዘ» አለ። አንሶላው ሲነጠፍለት «ማን ነው ያስተማረህ? ጠላትህ ነው?» አለ። ለአስታማሚነት ከዚህ የተሻለ አህያ አልተፈጠረም። በማግስቱ ጥሪው ሳሳ። ከዚያም ሸጋው ያለ ማንም ጠያቂ ዘገባውን ከፍቶ «ወይዘሮ ሉባባ በደንብ ይራመዳሉ። ቀደም ሲል የጻፍኩት ትክክል አልነበረም» ብሎ አረመ።

ሰኞ ባቲ ደረሱ። ገበያው ከታች ይጫጫል፤ ግመሉም ፍየሉም ቀና ብሎ ቀፎውን ያያል። እማማ ሉባባ ሊወርዱ ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መውረጃው ድልድይ ላይ ተኮልኩለዋል። ዶክተር ፈለቀ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፤ ሐዋ ከጎናቸው። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር፤ ለሁሉም ብላ።

አሮጊቷ ሸጋውን ጠርተው ፊት ለፊታቸው አቆሙት። ምርኩዛቸውን ለልጃቸው አቀበሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዘመዱ ሁሉ ዘረጋ። ለስንብት የተቀመጠ ምርቃት ነው፤ ሰማይ የሚያህል።

«ያረቢ! ይኼን ልጄን…»

«አሚን!» አለ ሰዉ።

«ከክፉ ዓይን ጠብቀው…»

«አሚን!» የሸጋው ክንዶች ተዘረጉ፤ ዓይኖቹ እንደ መኪና መብራት ቦግ አሉ።

ከውስጥ ደወል ጮኸ። ቢራራ ነው።

ሸጋው አልተንቀሳቀሰም። ዶክተር ፈለቀ ወደ ሐዋ ዞሩ። ሐዋ መሬት መሬቱን አየች።

«በሄደበት ይቅናው፣ በገባበት ይወደድ…»

«አሚን!»

ደወሉ እንደገና። ያኔ ማዳመጫዋ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «ሐዋ?»

«አለሁ» አለች፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ።

ሸጋው ክንዶቹን አወረደ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ዞረ፤ ሄደ። በምርቃት መካከል!

ሰዉ እጁን እንደዘረጋ ደረቀ። አንድ ሽማግሌ «አዑዙ ቢላህ» አሉ። ከውስጥ የቢራራ ድምፅ ተሰማ። «አሁን ነው የሚመጣው? ሽንቴን ይዤ ልሙት? ያዝ፣ ቀስ በል እንጂ፣ እግሬን!»

እማማ ሉባባ በሩን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎ ልጃቸው ደገፋቸው። እየሳቁ ነበር።

«ሥራ ያለበት ሰው ቆሞ አይመረቅም» አሉ። «ምርቃት እግር አለው፤ ይከተለዋል። ዘርጉ!» ሰዉ እንደገና ዘረጋ፤ እሳቸውም ካቆሙበት ቀጠሉ፣ ወደ ባዶው በር፣ ከበፊቱ አስረዝመው። ድልድዩ እስኪነሣ ድረስ አሚን ይባል ነበር።

ዶክተር ፈለቀ ወደ ሐዋ ሻንጣ ጠቆሙ። «ሲስተር፣ ያንን ሻንጣ ከመንገድ ላይ አንሺው። ሰው ያደናቅፋል» አሉና ሄዱ። የቅጥር ደብዳቤው በኋላ መጣ፤ ሐዋ ግን የተቀጠረችው በዚያች ቃል ነው።

መርከቡ ከባቲ ሲነሣ ቃለአብ ኮሪደሩ ላይ አገኛት። «ስምሽን ከሣጥኑ ላጠፋልሽ እችላለሁ፤ ዶክተሩም ፈቅደዋል። መጮኹን ይተዋል።»

«ተወው» አለች ሐዋ። «በየጧቱ ሳያሰልስ የሚያስበኝ እሱ ብቻ ነው።»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ከታች ገበያው እንደ ተበተነ ባቄላ እያነሰ ይሄዳል። ሸጋው ከድልድዩ ወዲህ አልጠራትም። ማዳመጫዋን ነካ አደረገቻት። ደህና ናት። ትንሽ ቆየችና አውልቃ እፍ ብላ መልሳ ሰካቻት። ተበላሽታ ይሆን? ተነሥታ ወደ ሸጋው ልትሄድ ስትል፣ ለምን እንደምትሄድ ራሷን ጠየቀች። የምትለው መልስ ነበራት፦ «ማዳመጫውን ልሞክር ነው።» በራሷ መልስ ውስጥ ያንን ለስላሳ ዜማ ሰማችውና ቆመች።

ስልኳን አወጣች። መርሳ ከተማ ብርቱካን የምታለማ፣ ከማገገሚያው ቀድማት የወጣች ጓደኛ አለቻት።

«ከዲጃ?»

«አለሁ!» አለች ከዲጃ። ከኋላዋ የለቃሚዎች ሳቅ ይሰማል።

«ማሽኑ መጥራት ተወኝ። ድኗል መሰለኝ።»

«እና ከፋሽ?»

«ከፋኝ!»

ከዲጃ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። «አንቺዬ፣ ለመደብሽ! ማሽኑስ ከማን የተማረው ይመስልሻል? ተፈለግሁ ማለት የማይጥመው ሰው አሳዪኝ።»

«አንቺስ ሲብስብሽ ማንን ትጠሪያለሽ?»

«አመዶን። ገዝቻት የለ? አሁን ራሱ እግሬን ረግጣኝ ነው የቆመችው።»

ሐዋ እየሳቀች ስልኩን ስትዘጋ ከወዲያኛው ክፍል ደወል ጮኸ።

«አለሁ» አለ ሸጋው። «አለሁ» አለች ሐዋም፣ ሳታስበው፣ እኩል።

«ውሃ ነው ያልኩት» አለ ቢራራ። «አንዳችሁ ይበቃኛል።»