የአራተኛው ቻናል መቆንጠጫ

«ደንግጣ ነው» አለ ቱርቦ። «እኔ አይቻታለሁ። እጇ ተንቀጠቀጠና የሪሞቱን ዘንግ ያለ ልክ ሳበችው።»

ሚስማር ቀና ብላ አላየችውም። ከተቀደደው የእንግዶች ድንኳን ሥር ተንበርክካ የትንሿ የሪሞት አውሮፕላኗን ስብርባሪ ትለቅም ነበር፤ ቀጫጭን እንጨት፣ የተተረተረ ቀይ ሽፋን፣ አንድ ጎማ። ሁለተኛው ጎማ ተንከባሎ ከወንበሮቹ ሥር ገብቷል። አንዲት ሴት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ለጥቂት እንደሆነ ሁሉም አይቷል።

«ሕፃኑ ላይ ቢያርፍስ ኖሮ?» አሉ የክለቡ ሊቀመንበር። የቱርቦ አባት ናቸው። ጠበቃ ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸውን የሚቀንሱ ዓይነት።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም። በድንገት አልታዘዝም አለኝ።»

«እኔንም አልጋዬ ጠዋት ጠዋት አልለቅህም ይለኛል» አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ።

አጠገቧ የቆሙት ሴት የጥርስ ሐኪም ግን አልሳቁም። የክለቡ የማብረር ፈቃድ የሌለው ልጅ ሲያበርር አንድ አባል ከጎኑ መቆም አለበት። ከሚስማር ጎን ብዙ ጊዜ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፤ የክለቡ የደኅንነት ኃላፊም እሳቸው ናቸው።

«አያያዟ ደህና ነበር» አሉ። «እኔን የምልክት መጋጨት ነው የመሰለኝ። ሌላ ሪሞት ያበራ ሰው ነበር?»



«ኧረ ማንም፣ ዶክተር» አለ ቱርቦ፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ።

ሚስማር ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን አሸሸ።

በሜዳው ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ የልብስ መቆንጠጫዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ የቻናል ቁጥር ተጽፎበታል። የድሮ ሪሞት ያለው ሰው ከማብራቱ በፊት የቻናሉን መቆንጠጫ ከሰሌዳው ያነሳና አንቴናው ላይ ይሰካዋል። ለአንድ ቻናል ያለው መቆንጠጫ አንድ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ካላገኘው፣ ሌላ ሰው በዚያ ቻናል እያበረረ ነው ማለት ስለሆነ ይጠብቃል። ሳይጠብቅ ካበራ የሁለቱ ሪሞቶች ምልክት ይጋጫል፤ ሰማይ ላይ ያለው አውሮፕላንም የማንንም አይሰማም። አዲሶቹ ሪሞቶች እንዲህ ያለ ጣጣ የለባቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ አባላት ሰሌዳውን ዞር ብለው ማየት ከተዉ ቆይተዋል።

የሚስማር ሪሞት የአባቷ የነበረው አሮጌው ነው። የአራተኛው ቻናል መቆንጠጫ አንቴናዋ ላይ ተሰክቶ ነበር። አውሮፕላኑ አየር ላይ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ለቅጽበት አንገቷን አዙራ ነበር። ቱርቦን ያየችው ያኔ ነው። ከአባቱ ቁም ሣጥን ያወጣውን የድሮ ሪሞት ይዞ፣ አንቴናውን እስከ ጫፉ ስቦ፣ ለአክስቱ ልጆች ያሳያል። አንቴናው ላይ መቆንጠጫ አልነበረም። ዶክተሯ ሰማይ ሰማይ እያዩ ስለነበር አላዩትም። ሁሉም ሰማይ ሰማይ እያየ ነበር። ከዚያ የመሰባበር ድምፅ ተሰማ። እንደገና ወደ እሱ ስትዞር ቱርቦ አንቴናውን በመዳፉ ወደ ውስጥ እየገፋ ነበር።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን የሊቀመንበሩን ልጅ ቃል ትቶ እሷን ማን ያምናል? መቆንጠጫውን ከአንቴናዋ ላይ ነቅላ ኪሷ ከተተችና ስብርባሪውን በጆንያ ይዛ ወጣች።

*

ሰኞ ትምህርት ቤት ውስጥ ቱርቦ ውኃ መጠጫው ጋ ጠበቃት።

«ስሚ፣ አኩርፈሽኛል አይደል?»

«ምን አስኮረፈኝ? አውሮፕላኔን ነው እንጂ የሰበርከው እኔን አልሰበርከኝ።»

«ቀስ በያ።» ግራና ቀኙን አየ። «በቃ ረሳሁት። እንደ ኔው አዲሱ ሪሞት ቆጥሬ አበራሁት። የኔው አይጋጭም እኮ። ሆን ብዬ ነው እንዴ?»

«ረሳሁ ማለት አንድ ነገር ነው። ‹እጇ ተንቀጠቀጠ› ማለት ሌላ ነው።»

«አባቴ እዚያው ቆሞ! አንቺ አታውቂውም። ፈቃዴን ይቀማኛል፤ ከክለቡም ያስወጣኛል፤ እሱ ደግሞ ቤት ገብቶም ሊቀመንበር ነው።» ሊያስቃት ሞክሮ ነበር። አልሳቀችም። «ስሚኝ በናትሽ። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ፈቃድ የሌለው ልጅ ከእንግዲህ ሜዳው ላይ እንዳያበርር ሊወስኑ ነው፣ ሰው ቢቆምለትም። አባቴን አናግሬዋለሁ። አንቺን እንደ ቤተሰብ ያስገባሻል። በኛ ስም። ከዚያ ፈቃዱ ያለ ፈተና እጅሽ ይገባል፤ ዎርክሾፑ፣ የራስሽ ቁም ሣጥን፣ የአባል ጥቅማ ጥቅም በሙሉ። ምን ትፈልጊያለሽ ሌላ?»

«አፌን ልዘጋልህ?»

«አታካብጂዋ! ሁላችንም እናተርፋለን ነው የምልሽ።»

ሚስማር ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ውኃው ከገንዳው ተፈናጥሮ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አራሰው። ዘግታው ሄደች። ጥቂት እንደ ሄደች በራሷ ተናደደች፤ ምክንያቱም ልቧ ውስጥ አንድ ነገር «እሺ በይው» እያላት ነበር። ሳታበርር የምታሳልፈውን ቅዳሜ ማሰብ አልቻለችም። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ስትሆን ብቻ ነው ቤታቸው ጸጥ ማለቱ የማይሰማት።

*

እናቷ ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ ስብርባሪው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጫማዋን አወለቀች፤ ነጭ ጋዋኗን ወንበር ላይ ጣል አደረገች፤ ተቀመጠች።

«ይጠገናል?»

«ቢጠገንስ? ቅዳሜ ያግዱኛል።» ሚስማር የተሰበረውን ክንፍ አንስታ መልሳ ወረወረችው። «አባዬ ለፈቃዴ አንድ ጊዜ መፈረም ነበር የሚጠበቅበት፤ አንድ ጊዜ። የሁሉም አባት ፈረመ። እሱ ግን ‹ልጄ ተፈትና ታግኝ› አለ። ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። «አሁን ደግሞ አባልነት ከአባሉ ጋር ያበቃል ይላሉ። ቱርቦ ፈቃዱን ኪሱ ከቶ ይንጎራደዳል። ምንም ሳያውቅ! ምንም!»

እናቷ እስክትጨርስ ሰማቻት። ቁጣዋን ልታበርድ አልሞከረችም።

«ያን ቀን ከስብሰባው ሲመለስ እዚህ ነው የተቀመጠው» አለች በመጨረሻ። «የአባላት ልጆች ያለ ፈተና ፈቃድ ያግኙ ሲባል የተቃወመው እሱ ብቻ ነበር። ‹ሰማይ የአባል ልጅና የጎረቤት ልጅ አይለይም› ብሏቸው ሳቁበት። ‹ፈርምና ተገላገል፤ ልጅቷ ደስ ይላታል› አልኩት። እምቢ አለኝ።»

«እና አልተናደድሽበትም?»

«ተናድጄበታለሁ እንጂ።» እናቷ አንዲት ቀጭን እንጨት አንስታ ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረገቻት። «አሁንም አንዳንድ ቀን እናደድበታለሁ። በብዙ ነገር።»

እንጨቷ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበር። ክንፉ በሽፋን ተለብጦ ሳለ የማይታይ፣ ሲሰበር ብቻ የወጣ። «ግራ፣ ከጫፍ ሁለተኛ» ይላል፤ ግራ የሚለው ቃል ሥር መስመር ተሰምሮበታል። የአባቷ እጅ ጽሑፍ ነው። እናቷ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እንጨቷን ልክ በቦታዋ አስቀመጠችና «በይ፣ ቀኝ ቀኙን ለይልኝ» አለች። 

ሚስማር እንጨቶቹን እየለየች ስለ ዶክተሯ አሰበች። ባለፈው ዓመት ደጋግመው «ነይ ልፈትንሽ፣ አንድ ቀን አይፈጅም» ሲሏት ነበር። «ሌሎቹ ሳይፈተኑ እኔ ለምን?» ብላ እምቢ ያለችው ራሷ ናት። ያን ጊዜ ትክክለኛ መልስ የሰጠች መስሏት ነበር።

*

ቅዳሜ የቆርቆሮዋ ክፍል ጢም ብላ ሞላች። ወንበር ያላገኙት ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«ላይሰንስ የሌለው ከአጥሩ ወዲህ አይለፍ፤ በቃ» አለ አንዱ።

«ልጆቹን አባርረን ከማን ጋር ልንቀር ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እኔ እንደሆነ አውሮፕላኔ ሲነሳ አያለሁ፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ የሚነግረኝ ልጅ ያስፈልገኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረጉ።

«ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነገር ልበል» አሉ። «ባለፈው ሳምንት የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥፋት ነው። ግን ይቺ ልጅ የጓደኛችን ልጅ ናት። እኔ በግሌ በቤተሰቤ ሥር ላስመዘግባት ፈቅጃለሁ። እንደ ማንኛውም የአባል ልጅ ፈቃዷን ትወስዳለች። ለአባቷ ክብር ስንል ያለፈውንም እንተወዋለን።»

አጨበጨቡ። አንዱ ትከሻዋን መታ አደረጋት። ከመጨረሻው ረድፍ ቱርቦ ‹አየሽ?› በሚል ዓይን አያት። ሁሉም እስክታመሰግን ይጠብቃታል።

ሚስማር ተነሳች። ፊቷ ሲግል ይታወቃታል።

«አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን አልፈልግም።»

ጭብጨባው ሳይጨርስ ቆመ።

«የሠራሁት ጥፋት ስለሌለ የሚተውልኝ ነገር የለም። ፈቃዱን ደግሞ ተፈትኜ ነው የምወስደው። አሁን፣ እዚሁ።» ወደ መጨረሻው ረድፍ በጣቷ ጠቆመች። «ቱርቦም አብሮኝ ይፈተን።»

«ልጄ ፈቃድ አለው» አሉ ሊቀመንበሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«አውቃለሁ። ካወቀው ምን ይጎዳዋል?»

አንድ ሁለት ሰዎች ተንሾካሾኩ። «እውነቷን ነው» አሉ ሽማግሌው። ሊቀመንበሩ ወደ ዶክተሯ ዞሩ፤ ‹ዛሬ አይቻልም› እንዲሉላቸው የጠበቁ ይመስላል።

«ደንቡ ፈታኙ ሲያመቸው ነው የሚለው» አሉ ዶክተሯ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «እኔን ዛሬ ይመቸኛል። ና አንተም፣ ቅረብ።»

ቱርቦ በወንበሮች መካከል እየተሽሎከለከ መጣ። አጠገቧ ሲቆም «ሼም ነው፣ ተይ» አላት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። 

«የመጀመሪያው ጥያቄ» አሉ ዶክተሯ። «ሪሞት ከማብራታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? ማን ይጀምር?»

«እሱ» አለች ሚስማር።

ቱርቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «የቻናሌን መቆንጠጫ ከሰሌዳው አነሳለሁ።»

«ሰሌዳው ላይ ካጣኸውስ?»

«አላበራም።»

«ለምን?»

ቱርቦ ወደ ሰሌዳው ዞር አለ። ሌሎችም አብረውት ዞሩ። ምናልባት ከዓመታት በኋላ ክፍሉ ሙሉ ሰው ሰሌዳውን ያየው ያን ጊዜ ነው። ከሦስተኛውና ከአምስተኛው ቻናል መካከል አንድ ቦታ ባዶ ነበር።

ሚስማር እጇን ኪሷ ከታ መቆንጠጫውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቁጥሩ ወደ ላይ ነበር።

«ምክንያቱም» አለ ቱርቦ፤ ቆመ። «ምክንያቱም ሌላ ሰው… በዚያ ቻናል…»

«መልስ እንጂ ልጄ» አሉ አባቱ። «ቀላል ጥያቄ እኮ ነው።»

ዶክተሯ ግን መቆንጠጫውን፣ ከዚያም ልጁን ማየት ጀምረው ነበር። ቱርቦ ጆሮዎቹ ድረስ ቀልቷል። ሚስማርን አያት፤ በዚህ ጊዜ ዓይኑን አላሸሸም።

ሙሉው ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከወደቀበት ቀን ጀምራ ስትሰለው የሰነበተችው፣ እያንዳንዱ ቃል ስለት ያለው። አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር።

ከንፈሯን ገጠመች። የተነሳችበትን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቢመሽም ይምሽ፤ እሱ ራሱ እስኪጨርሰው ትጠብቃለች።